ጎማ የሚቃናው ለመንገዱ ነው፦ ከሴባስቶፖል እስከ ሊማሊሞ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ቡና ያፈላ ካለ እዚያው አጠገቡ ሆኖ ያንብብ። ርዕሱ የጋራዥ ይመስላል፤ ጉዳዩ ግን ታሪክ ነው። መጨረሻ ላይ ለሹፌሮችና ለመካኒኮች የሚጠቅም ቁጥርም አለበት፤ ስለዚህ ቸኩላችሁ አትለፉት።

1. መንኮራኩር አይመርጥም

ጎንደሬ ታሪክ ሲያወራ ከማን ይጀምራል? ከቴዎድሮስ ነዋ።

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀልጡ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል ነው፤ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ያንን መድፍ መንኮራኩር ባለው ሠረገላ ላይ አስጭነው ነበር። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። በቅሎ በቀናት የምትጨርሰውን መንገድ ስድስት ወር ገደማ!

ለምን ይሄን ያህል ጊዜ ፈጀ? ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ጎታቹ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ነበር። የጠፋው መንገድ ነው። የጎንደር ነገሥታት ቤተ መንግሥትም ድልድይም ሠርተዋል፤ መንገዱ ግን የእግርና የኮቴ መንገድ ነበር። በቅሎ ዐይን አላት፤ ድንጋዩን መርጣ ትረግጣለች። መንኮራኩር ግን አይመርጥም፤ የሰጡትን ነው የሚረግጠው። ስለዚህ ንጉሡ ከመድፉ ፊት ፊት መንገድ ማስቆፈር ነበረባቸው፤ ራሳቸውም ድንጋይ ያነሡ፣ አፈር ይደለድሉ ነበር። በሽሎ ሸለቆ ቁልቁለቱ ላይ የሠሩት ጠመዝማዛ መንገድ ኋላ የናፒየር ጦር ራሱ ወርዶበታል።

ከዚህ ታሪክ የዛሬውን ነጥብ ያዙልኝ፦ መንኮራኩርና መንገድ አንድ ዕቃ ናቸው። አንዱን ብቻ ይዞ ስለ ሌላው ማውራት አይቻልም።

2. ይሄን ለምን አነሣሁት?

ባለፈው ስለ ሊማሊሞ ከጻፍኩ በኋላ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ጠየቁኝ። አጎቴ አውቶ ፓርኮ አካባቢ ጋራዥ እንደነበረውና ክረምት ክረምት እዚያ እንደምውል ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው የታሪክ መምህር የመኪና ጥያቄ የሚቀርብለት።

አንደኛው ዴንቨር ነው ያለው። ማዝዳ ሚያታ ገዝቷል፤ ትንሽዬ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ስፖርት መኪና። "ቲቸር፣ አላይመንት ላሠራ ነው፤ ካምበሩ ስንት ዲግሪ ይሁን? ለውድድር የሚነዱት 3 ኔጌቲቭ ነው ይላሉ" አለኝ። ውድድር አይነዳም፤ በሳምንቱ ሥራ ይሄድባታል፣ እሁድ ደግሞ ተራራ ይወጣባታል።

ሁለተኛው እዚሁ ጎንደር ነው። ቪትዝ አለው። ስፖርት እንድትመስል ብሎ ሞላውን አስቆርጦ ዝቅ አደረጋት። አሁን የፊት ጎማዎቹ በውስጥ በኩል ሽቦ አውጥተዋል፤ አዲስ ጎማ በስንት እንደሚገዛ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ። እሱም "ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን ቁጥር ለአላይመንት ቤቱ ልስጣቸው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለቱም የፈለጉት ቁጥር ነው። እኔ ደግሞ ከቁጥሩ በፊት "ቁጥሩ ከየት መጣ?" ማለት ልማዴ ነው። ክፍል ውስጥም ዓመተ ምሕረት ብቻ ሸምድዶ የሚመጣ ተማሪ አልወድም ነበር፤ ታስታውሳላችሁ።

3. ሦስቱ ነገሮች

ለማያውቅ ሰው ቶሎ ላስረዳ። አላይመንት ቤት ገብታችሁ ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ወረቀት ላይ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

ካምበር፦ ከመኪናው ፊት ቁመህ ጎማውን እየው። የጎማው ራስ ወደ መኪናው ካጋደለ ኔጌቲቭ፣ ወደ ውጭ ካጋደለ ፖዘቲቭ ይባላል።

ካስተር፦ ከጎን ቁመህ እየው። የብስክሌት ሹካ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ የለ? እሱ ነው። መሪውን ስትለቀው ራሱ ወደ ቀጥታ የሚመለሰው በካስተር ነው።

ቶ፦ አሁን ከላይ፣ እንደ አሞራ ሆነህ እየው። የሁለቱ ጎማዎች አፍንጫ ተጠጋግቶ ከሆነ ቶ-ኢን፣ ተራርቆ ከሆነ ቶ-አውት።

ከሦስቱ ጎማ የሚበላው ማን ነው? ብዙ ሰው ካምበር ይላል። ዋናው በላተኛ ግን ቶ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጎማው ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የሁለቱ የፊት ጎማዎች ፊታቸው ከኋላቸው በ3 ሚሊ ሜትር ቢጠብ ለእያንዳንዱ 1.5 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። 1.5 ሚሊ ለ600 ሚሊ ማለት በአንድ ኪሎ ሜትር 2.5 ሜትር ማለት ነው። ማለትም ጎማው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ 2.5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 250 ሜትር ተፋቀ። አዲስ አበባ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጎማህን አስፋልት ላይ ወደ ጎን ከ1,700 ሜትር በላይ ጎተትከው ማለት ነው። በ3 ሚሊ ሜትር! የክብሪት እንጨት ውፍረት ትንሽ ቢያልፍ ነው።

4. የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ከፈረስ ጋሪ መጡ

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ካምበር የመኪና ፈጠራ አይደለም። የአውሮፓ ሠረገላ ሠሪዎች መንኮራኩሩን እንደ ሰሐን ጎድጎድ አድርገው፣ ወደ ውጭም አጋድለው ይሠሩት ነበር። ምክንያቱ ሸክሙ ሁሌ የሚያርፈው ከታች ባለው ራጂ ላይ ስለሆነ ነው፤ መንኮራኩሩ ሲያጋድል ያ የታችኛው ራጂ ቀጥ ብሎ ይቆምና ሸክሙን ይሸከማል።

መሪውም ከሠረገላ የመጣ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ከውጪኛው ይልቅ ጠበብ ያለ ክብ ይዞራል፤ ስለዚህ የበለጠ መታጠፍ አለበት። ይህን የፈታው ላንከንሽፐርገር የተባለ የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ሲሆን እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1818 ፓተንቱን ያስመዘገበለት ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን ነው። አከርማን ሥዕልና መጽሐፍ አሳታሚ ነበር፤ እስከ ዛሬ ግን መካኒክ ሁሉ የሚጠራው የሱን ስም ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ናት፤ ሠሪውን ትታ አስመዝጋቢውን ታስታውሳለች።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች እነዚህን ልማዶች ወረሱ። የዚያን ጊዜ መንገድ አፈርና ጠጠር ነው፤ ውሃ እንዲፈስ መሃሉ እንደ አህያ ጀርባ ከፍ ይደረጋል። በዚህ መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ጎማው ወደ ውጭ ቢያጋድል ከመንገዱ ጋር ይገጥማል፤ መሪውም ይቀላል። ግን ወደ ውጭ ያጋደለ ጎማ ወደ ውጭ መንከባለል ይፈልጋል። እሱን ለመመለስ ትንሽ ቶ-ኢን ተሰጠው። ስለዚህ በድሮ መኪና መጽሐፍ ላይ "ፖዘቲቭ ካምበር፣ ቶ-ኢን" የሚል ካያችሁ የምታነቡት የመንገድ ታሪክ ነው። ያ ቁጥር በዲግሪ የተጻፈ የጠጠር መንገድ ነው።

ኋላ አስፋልቱ ጠፍጣፋ ሆነ። ሚሽላን እ.ኤ.አ. በ1946 ራዲያል ጎማን ፓተንት አስመዘገበ። ጎማ እየሰፋ፣ መኪና እየፈጠነ ሄደ። መኪና በፍጥነት ሲታጠፍ አካሉ ወደ ውጭ ያጋድላል፤ የውጪውንም ጎማ አብሮ ያጋድለዋል። ያኔ ጎማው በጠርዙ ብቻ ይቆማል። ቀድሞ ትንሽ ወደ ውስጥ ካጋደልከው ግን ጥምዝ ላይ ሙሉ እግሩን ይረግጣል። የስፖርት መኪና ኔጌቲቭ ካምበር የመጣው ከዚህ ነው። ዋጋ አለው ታዲያ፦ ቀጥታ መንገድ ላይ በውስጥ ጠርዙ ይሄዳል።

5. ፒያሳ፣ አውቶ ፓርኮና ሊማሊሞ

እኛ ጋ መኪና በብዛት የገባው በጦርነት ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ መኪና አይተዋል፤ ለጎንደር ግን ያ ሩቅ ወሬ ነበር። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የስታራቼ ጦር በካሚዮን ተጭኖ ከሰቲት ማዶ መጣና ጎንደርን ያዘ። ጣሊያን ከተማዋን የአማራ ግዛቱ መቀመጫ አደረጋት። ዛሬ ቆመን ማኪያቶ የምንጠጣበት ፒያሳ፣ ሲኒማው፣ ፖስታ ቤቱ፣ የነዚያ አምስት ዓመት ተኩል ሥራ ነው። አውቶ ፓርኮም ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የተሽከርካሪ ማቆሚያ ማለት ነው።

ስሙ ብቻ አይደለም የቀረው። ጋራዥ ግቡና ቋንቋውን ስሙ፦ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስቲኒ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው። ማሽን ሳይኖር ጎማ ይቃናበት የነበረው ሲባጎ እንኳ ጣሊያንኛ ነው። "አላይመንት" ግን እንግሊዝኛ ነው፤ ኋላ ከማሽኑ ጋር የመጣ ስም። ዕቃው በአንድ ዘመን፣ ማቃኛው በሌላ ዘመን እንደገባ ቃላቱ ይመሰክራሉ።

ከዚህ ሁሉ ትልቁ ግን የአሥመራ መንገድ ነው። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት አድርጎ ደባርቅ ይደርስና ከ2,800 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ሊማሊሞን ይወርዳል። ገደሉን ፈልፍለው ያጠማዘዙት ሠራተኞች ጣሊያኖችም የኛ ሰዎችም ናቸው። ለወረራ የተሠራ መንገድ ነው፤ ይህን አንርሳ። ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደር ደግሞ ከአርበኞችና ከእንግሊዝ ጦር ውጊያ በኋላ ኅዳር 18 ቀን ነጻ ወጣች። መንገዱ ግን ቀረልን። የወደደም የጠላም ሹፌር ወርዶበታል።

ሊማሊሞን የወረደ ሰው አከርማንን ሳያውቀው ያውቀዋል። 10 ሜትር ራዲየስ ያለው ጥምዝ ብንወስድ፣ በአንዲት ትንሽ የቤት መኪና የውስጡ ጎማ 14.5 ዲግሪ ገደማ፣ የውጪው 12.5 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል። ሁለት ዲግሪ ልዩነት አለ። ፍሬን ስትይዝ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል። ቴስቲኒው የላላ ከሆነ አላይመንት ቤት የተስተካከለው ቶ እዚያ ቁልቁለት ላይ ሌላ ቁጥር ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ሊማሊሞ ላይ ግን ቀይ ነው። የድሮ የከባድ መኪና ሹፌሮች ከደባርቅ ከመነሣታቸው በፊት ወርደው ጎማ በእጃቸው የሚወዘውዙት ለዚህ ነው።

6. የቮልስ እግር

አላይመንት ቀልድ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ሁላችንም ከምናውቃት መኪና፣ ከቮልስ።

የድሮ ቮልስ የኋላ እግሩን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ሲሞላባት ጎማዎቹ ከታች ይከፈታሉ፤ በክሪክ ስትነሣ ደግሞ ወደ ውስጥ እጥፍ ይላሉ። የኋላ አክስሏ የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ካምበሩ አብሮ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣችው የመጀመሪያዋ የፖርሽ ስፖርት መኪና፣ 356 የምትባለው፣ የተሠራችው በቮልስ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ይህንኑ እግር ወረሰች።

ችግሩ ጥምዝ ላይ ነው። በፍጥነት ገብተህ፣ ደንግጠህ ነዳጁን ድንገት ስትለቅ የመኪናው ኋላ ከፍ ይላል፤ የውጪው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፍና መሬት የሚይዘው በጠርዙ ይሆናል። ኋላው ይሸሻል። አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ አክስል በነበረው ኮርቬር በተባለ መኪና ምክንያት ራልፍ ኔደር እ.ኤ.አ. በ1965 የአገሩን የመኪና ኢንዱስትሪ ያናወጠ መጽሐፍ ጻፈ። ቮልስም ፖርሽም ያንን አክስል ከጊዜ በኋላ ትተውታል።

ግን እዩት፣ ያችው ቮልስ እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አሸንፋለች! በኬንያና በጎረቤቶቿ ጭቃና አቧራ ላይ። ያው እግር፣ ያው መኪና፤ ለስላሳ አስፋልት ላይ ያስፈራል፣ ጉድጓድ የበዛበት መንገድ ላይ ደግሞ ዋንጫ ያመጣል። ጥሩ ወይ መጥፎ የሚያሰኘው መንገዱ ነው።

7. ዴንቨርና ደባርቅ

ዴንቨር ላለው ተማሪዬ የጻፍኩለት ይህን ነው። ከሱ ብዙ የማይርቅ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ አለ። ከእ.ኤ.አ. 1916 ጀምሮ የተራራ መውጣት የመኪና ውድድር ይካሄድበታል፦ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 156 ጥምዝ፣ ጫፉ 4,300 ሜትር። መነሻው ስንት ይመስላችኋል? 2,860 ሜትር ገደማ። ልክ ደባርቅ ያለችበት ከፍታ ማለት ነው!

መንገዱ ለብዙ ዘመን ጠጠር ነበር። የመኪኖቹ እግር ከፍ፣ ሞላቸው ለስለስ ያለ ነበር፤ ጎማው እየተንሸራተተ ነበር የሚታጠፈው። ቀስ በቀስ አስፋልት ለበሰ፤ ከ2012 ጀምሮ (እ.ኤ.አ. ነው) ውድድሩ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ላይ ሆነ። ያኔ መኪኖቹ ዝቅ አሉ፣ ሞላቸው ጠነከረ፣ ካምበራቸውም ተቀየረ። ተራራው ያው ነው፣ ጥምዙ ያው ነው። የተቀየረው የመንገዱ ቆዳ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ሁሉ አብሮ ተቀየረ።

እንግዲህ የሌላ ሰው ቁጥር ስትገለብጥ የምትገለብጠው የሌላ ሰው መንገድ ነው። 3 ዲግሪ ኔጌቲቭ የውድድር ሜዳ መንገድ ነው፤ እዚያ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ጥምዝ ላይ ነው፣ ጎማም በየጊዜው ይቀየራል። ሥራ ለሚሄድ ሰው ያ ቁጥር የውስጥ ጠርዙን መጨረስና ፍሬን ሲይዝ ከሙሉ ጎማ ይልቅ በግማሽ ጎማ መቆም ነው።

8. ታዲያ ቁጥሩ ስንት ይሁን?

ለሚያታ፣ መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው መነሻ የሚሆነው ይህ ነው። የፊት ካምበር ኔጌቲቭ 1 ዲግሪ አካባቢ። የኋላው ከፊቱ ትንሽ በለጥ ይበል፣ እስከ ኔጌቲቭ 1.5፤ ኋላው ከፊቱ ቀድሞ እንዳይሸሽ ነው። ካስተር 5 ዲግሪ አካባቢ፣ ግራና ቀኙ እኩል። የፊት ቶ ዜሮ ወይም በድምሩ 1 ሚሊ ሜትር ቶ-ኢን። የኋላ ቶ-ኢን በድምሩ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። የፊት ቶ-አውት መሪውን ፈጣን ያደርገዋል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ረጅም መንገድ ላይ መኪናው እረፍት ያጣል፣ ጎማም ይበላል። ሚያታ ከፋብሪካዋ ፊትም ኋላም ካምበሯም ቶዋም ስለሚስተካከል ዕድለኛ ናት።

ቪትዝ ግን እንደዚያ አይደለችም። የኋላ እግሯ አንድ ወጥ ነው፤ አይስተካከልም። ፊት ላይም ፋብሪካው እንድታስተካክል የፈቀደልህ ቶውን ብቻ ነው። ሞላ ሲቆረጥ ጎማው ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ የመሪው ዘንግ አቀማመጥ ስለሚለወጥ ቶውም ይዛባል፤ ለመወዛወዝ የቀረው ቦታም ያልቃል። በኮብልስቶናችን ላይ ደግሞ በየደቂቃው ብረት ለብረት ይጋጫል። ስለዚህ ለዚህኛው ልጅ የሰጠሁት መልስ ቁጥር አይደለም፦ መጀመሪያ ሙሉ ሞላ መልስ፣ ከዚያ ቴስቲኒና ቡሽ አስፈትሽ፣ ከዚያ አላይመንት። የተቆረጠ ሞላ በአላይመንት አይቀጠልም።

ለሁላችሁም፣ ስፖርት ይሁን ኮሮላ፣ አላይመንት ቤት ስትሄዱ እነዚህን ያዙ፦

– መጀመሪያ የጎማ ንፋስ ይስተካከል። በቀኝና በግራ የተለያየ ንፋስ ያለው መኪና ሁሉም ቁጥር ውሸት ነው።

– ቴስቲኒ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሽ የላላ ካለ ቀድሞ ይቀየር። የላላ ነገር አይቃናም።

– ቅደም ተከተሉ፦ ከኋላ ጎማ ይጀመራል፤ ፊት ላይ ካስተር፣ ካምበር፣ በመጨረሻ ቶ። ቶ ቀድሞ ከተሠራ ሌላው ሲነካ ይበላሻል።

– ብቻህን የምትነዳ ከሆነ መቀመጫህ ላይ የአንተን ያህል ክብደት ይቀመጥ። ሁሌ ቤተሰብ ጭነህ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ያንን ንገራቸው።

– መንገዳችን ጠርዙ ወደ ቀኝ ዝቅ ይላል፤ መኪናው በትንሹ ወደ ቀኝ ቢሳብ ሁልጊዜ የመኪናው ጥፋት አይደለም። መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ ላይ ሞክረው። እዚያም ከሳበ ያን ጊዜ ተመለስ።

– ጎማህን በመዳፍህ አንብበው። ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ አሻሸው። በአንዱ በኩል ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ከቧጠጠህ ቶ ነው። አንዱ ጠርዝ ብቻ ለስልሶ ካለቀ በአብዛኛው ካምበር። ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ ንፋስ አንሷል፤ መሃሉ ካለቀ ንፋስ በዝቷል።

– ወረቀቱን ተቀበል፤ የ"በፊት" እና የ"በኋላ" ቁጥሩ ያለበትን። አስቀምጠው። የመኪናህ ታሪክ ነው።

9. አሁን ለምን ይሄ ሁሉ?

ምክንያቱም ዘመኑ እየተለወጠ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። እንግዲህ ያለችህን መኪና ጠብቀህ መያዝ ነው። አዲስ የሚገቡት ኤሌክትሪኮች ደግሞ ባትሪያቸው ከባድ ነው፤ አንዳንዶቹ ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናሉ። ገና ስትነካቸው ይወነጨፋሉ፤ አነሣሣቸው የድሮ ስፖርት መኪናን ያስንቃል። ያ ሁሉ ክብደትና ጉልበት የሚያርፈው በአራት ጎማ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ከመዳፍህ እምብዛም አይበልጥም። ተጣሞ የተገጠመ ከሆነ እሱንም ታጣዋለህ።

ከተማሪዎቼ መሐል ሹፌር የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። የሰው ነፍስ ጭናችሁ ነው ሊማሊሞን የምትወርዱት፣ ወደ መተማ፣ ወደ ባሕር ዳር የምትበሩት። መኪናችሁ ላይ "ስፖርት" የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ቀላል ነው። ስፖርት ማለት ግን ዝቅ ማለት አይደለም፤ ጥምዝ ላይ አራቱም ጎማ መሬቱን በሙሉ እግሩ ሲረግጥ ነው።

ቴዎድሮስ መድፉን ይዘው ሲነሡ መንገዱን ለመንኮራኩሩ ሠሩ። እኛ ያን አቅም የለንም፤ መንገዱ እንዳለ ነው የሚጠብቀን። የቀረልን መንኮራኩሩን ለመንገዱ ማቅናት ነው።

መካኒክ የሆናችሁ፣ እናንተ ጋራዥ ውስጥ ካምበርን በሌላ ስም የምትጠሩት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ቃላቱን እየሰበሰብኩ ነው። በሲባጎ ጎማ ያቃና የነበረ አባት ያላችሁም እንዴት ያደርግ እንደነበር ጠይቃችሁ ጻፉ። እነሱ ሳያልፉ መሰብሰብ ያለበት ታሪክ ነው።

መልካም መንገድ ለሁላችሁ።